አስታማሚዋ ነርስነት አማራት

«ይድረስ ለእትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። ዕድሜዬ 38 ነው። ትንሽ ቁርስ ቤት አለችኝ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የባጃጅ ሾፌሮች ናቸው። ባለቤቴ ወደ ዘጌ በሚመላለስ ጀልባ ላይ ይሠራል፤ እንግዳ ከቀነሰ ወዲህ ግን ገቢው እንደ ድሮው አይደለም። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቋ ዘንድሮ 11ኛ ክፍልን ጨረሰች።

10ኛ ክፍልን የተፈተንኩት በ1997 ዓ.ም. ነው። ውጤቴ መጥፎ አልነበረም። አባቴ በዚያው ክረምት ዐረፈና ትምህርቱ እዚያው ላይ ቀረ። ዘንድሮ ደግሞ እናቴ በስኳር እግሯ ቆስሎ ከጥቅምት እስከ የካቲት ሆስፒታል ስንመላለስ ከረምን። ቁስል ማጠቡን፣ ኢንሱሊን መውጋቱን ለመድኩት። አንዷ ሲስተር 'አንቺ እኮ ነርስ መሆን ነበረብሽ' አለችኝ። እናቴ የካቲት ላይ ዐረፈች። የሲስተሯ ንግግር ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ለባለቤቴ ብነግረው 'የምትማረው ልጅሽ ናት ወይስ አንቺ?' አለኝ። ጎረቤቶቼ ቡና ላይ 'በዚህ ዕድሜሽ የሰው ሽንት ልትደፊ?' ብለው ሳቁብኝ። ከልጄ እኩዮች ጋር ክፍል ውስጥ መቀመጡ አያሳፍርም? ብጨርስስ ማን ይቀጥረኛል? ቁርጡን ይንገሩኝ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከባሕር ዳር»

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እናትሽን ነፍስ ይማር። አምስት ወር የተመላለስሽበትን ነገር በሁለት መስመር ጽፈሽ አልፈሽዋል። ዎርድ ውስጥ ከአልጋ ሥር ፍራሽ ዘርግቶ ያደረ ሰው ግን በሁለቱ መስመር ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃል።

ቁርጡን ይንገሩኝ ብለሻል። ተማሪ። ግን አሁን የሚመጣውን መስከረም አሳልፊው። ከዚያ ቀጥሎ ባለው መስከረም ላይ ግቢ። ለምን እንዲህ እንዳልኩሽ ቀስ እያልኩ እነግርሻለሁ።

ስለ ዕድሜሽ ብዙ ቀለም አላባክንም። እኔ ነርስነት የተማርኩት 33 ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት 11 ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። የጡረታ መውጫ 60 ዓመት ነው። በ39 ገብተሽ በ42 ብትጨርሺ 18 የሥራ ዓመት ይቀርሻል። ለጡረታ አበል ደግሞ 10 ዓመት አገልግሎት ይበቃል። አስቢው፤ ከቁርስ ቤትሽ ደንበኞች መካከል 18 ዓመት አንድ ሥራ ላይ የቆየ ስንት ሰው አለ?

ክፍል ውስጥ መቀመጡ ያሳፍራል ወይ? የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት አዎ። ከዚያ በኋላ «ማዘር» ይሉሻል። «ማዘር፣ ኖት አለሽ?» ይሉሻል። ኖትሽ ንጹሕ ከሆነ ፈተና ሲደርስ የክፍሉ ሁሉ ዘመድ ትሆኛለሽ። ይኸው ነው።

ለጎረቤቶችሽም አንድ ነገር ንገሪያቸው። አዎ፣ ነርስ ሽንት ትደፋለች። ከመድፋቷ በፊት ግን መጠኑን ትለካለች፣ ቀለሙን ታያለች፣ ሰዓቱን ትጽፋለች። ከትናንቱ ከቀነሰ ለሐኪሙ ትናገራለች። የሰው ኩላሊት የሚተርፈው አንዳንዴ በዚያች ወረቀት ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይም በስደቱ ዘመን ለንደን ላይ ነርስነት ተምረው ሕፃናት አስታመዋል። የንጉሥ ልጅ ያልተጠየፉትን ሥራ የቡና ጎረቤት ከተጠየፈው፣ ቡናውን አንድ ዙር ቀንሶ ማሰቡ አይከፋም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ሲስተሯ «ነርስ መሆን ነበረብሽ» ያለችሽ እውነቷን ነው ብዬ አምናለሁ። ዝም ብለው የሚያሞካሹ ነርሶች ብዙ አይደሉም፤ ጊዜውም የላቸውም። ግን አንቺ ያስታመምሽው እናትሽን ነው። እናትሽን በየሁለት ሰዓቱ ስታገላብጪ አልሰለቸሽም፤ እናትሽ ናትና። ዎርድ ውስጥ የሚጠብቅሽ ግን የማታውቂው ሰው ነው። አንዱ ይሰድብሻል። አንዱ ምራቁን ይተፋብሻል። አንዷ ደግሞ መድኃኒቷን ምላሷ ሥር ደብቃ አንቺ ዞር ስትዪ ፍራሽ ውስጥ ትከትተዋለች። ከነዚህ ሁሉ ጋር እናትሽን እንደወደድሻት መዋደድ አይቻልም። አይጠበቅብሽምም። የሚጠበቅብሽ ሳትወጂያቸውም እጅሽ እንዳይከፋባቸው ነው።

እንዲህ የምልሽ ለማስፈራራት አይደለም። በየካቲት እናቱን የቀበረ ሰው በሐምሌ የሚወስነውን ነገር አንድ ጊዜ ማጣራት ስላለበት ነው። ነርስነቱ ነው የናፈቀሽ ወይስ እናትሽ? ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ችግር የለውም። ለይተሽ እወቂው እንጂ። መለያው ደግሞ ቀላል ነው። በየአጥቢያው እሑድ እሑድ ሕሙማን የሚጠይቁ ማኅበራት አሉ። ከአንዱ ጋር ሁለት ሦስት ጊዜ ውጪ። አስታማሚ የሌለውን ሰው ፈልጊ። ይኖራል፤ ከገጠር ብቻውን የመጣ፣ ዘመዱ ለመከር የሄደበት ሰው አይጠፋም። ጥፍሩን ቁረጪለት። ከንፈሩ ደርቆ ከሆነ አርጥቢለት። ሰውዬው ባያመሰግንሽም በሳምንቱ ተመለሽ። ስትወጪ ደክሞሽ ግን ቀልሎሽ ከሆነ፣ የናፈቀሽ ሥራው ነው። እያለቀስሽ ወደ እናትሽ መቃብር መሄድ ካሰኘሽ ደግሞ ትንሽ ቆዪ። ሐዘኑ ገና ነው።

ቀይ መስቀልም የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። ባሕር ዳር ያለውን ቅርንጫፍ ሄደሽ ጠይቂ። ደም ሲፈስ አይተሽ ራስሽን የሚያዞርሽ ሰው መሆን አለመሆንሽን እዚያው ታውቂዋለሽ።

አንድ ታሪክ ልንገርሽ፤ የራሴ ጥፋት ነው።

ተማሪ ሆኜ ፕራክቲካል የወጣሁ ሰሞን ነው፤ የት እንደሆነ ይቅር። ጧት መድኃኒት የማደል ተራው የኔ ነበር። ትሪውን ይዤ ገባሁ። ካርዱ ላይ ያለው ስም አበበ ነው። በሩ አጠገብ ባለው አልጋ አንድ አዛውንት ተኝተዋል። «አባባ፣ አበበ ነዎት?» አልኳቸው። «አቤት» አሉ። ኪኒኑን አወጣሁ። ውኃ ቀዳሁላቸው። እጃቸው ላይ ላስቀምጥ ስል አስተማሪዬ ከኋላዬ እጄን ያዘችኝ። «ስማቸውን ጠይቂያቸው» አለችኝ። «ጠይቄያለሁ፤ አበበ ናቸው» አልኩ። «አልጠየቅሽም። ነግረሻቸዋል» አለችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ «አባቴ፣ ስምዎ ማን ነው?» አለች። ሌላ ስም ተናገሩ። አበበ የተባለው ሰው መስኮቱ ሥር ነበር። የደም ግፊት መድኃኒት ነበር እጄ ላይ ያለው፤ አዛውንቱ ደግሞ ግፊታቸው ወርዶ የገቡ ሰው ነበሩ።

የኛ አገር ሽማግሌ ሲጠሩት «አቤት» ነው የሚለው። በማን ስም ብትጠሪውም «አቤት» ይላል። ደክሞታል፣ ጆሮው ከብዷል፣ ደግሞም ጨዋ ነው። ያን ቀን እኔ ስማቸውን ደግሜ ያልጠየቅኩት አባት የሚያህሉ ሰው ስለሆኑ አፍሬ ነው። የ20 ዓመቷ ተማሪ ብትሆን ሳታፍር ትጠይቅ ነበር። ስለዚህ በዕድሜ ገፋ ብለሽ ስትገቢ ይዘሽው የምትሄጂው ጨዋነት ሁሉ እንደማይጠቅምሽ እወቂ። አንዳንዱን በር ላይ ማስቀመጥ አለ።

ሌላውን ግን ይዘሽ ግቢ። አንድ ጊዜ አንድ የስኳር ታማሚ አባት ዎርዳችን ተኝተው ነበር። ፍልሰታ ገባ። ኢንሱሊናቸውን ጧት ተወጉ፤ ከዚያ «እስከ ቅዳሴ መውጫ እህል አልቀምስም» አሉ። ኢንሱሊን ተወግቶ አለመብላት ስኳሩን አውርዶ ራስ እንደሚያስት አንቺ ታውቂዋለሽ። ተረኛዋ ልጅ ተጨቃጨቀቻቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩባት። ጎበዝ ነርስ ነበረች፤ የተናገረችውም ሁሉ ትክክል ነበር። እኔ ሄጄ «የነፍስ አባትዎ ማን ናቸው?» አልኳቸው። ስልካቸውን ከልጃቸው ተቀበልኩና ደወልኩ። ቄሱ «ልጄ፣ ታመህ የለም ወይ? ብላ፤ ፍታሁህ» አሏቸው። ሽሮ በእንጀራ በሉ። ሙሉው ነገር አስር ደቂቃ አልፈጀም። ያን ትምህርት ቤት አላስተማረኝም። ሰው ጋር መኖር ነው ያስተማረኝ። አንቺም ሾፌር ሲነጫነጭብሽ በሻይ የምታበርጂ ሴት ስለሆንሽ ይህ አይከብድሽም።

ጠበሉንም እንደዚሁ። «ልወጣና ጠበል ልጠመቅ» የሚል ታማሚ ሞልቷል። «አይሆንም» ብቻ ካልሽው ሌሊት ይጠፋብሻል። መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብሮ እንዲወስድ ብትነግሪው ግን ይሰማሻል።

አሁን ወደ ትምህርቱ። ዕውቀቱ አያቅትሽም። እናትሽን ኢንሱሊን ስትወጊ አንዴ ሆዷ ላይ፣ አንዴ ጭኗ ላይ ታቀያይሪ ነበር አይደል? እንዲህ አድርጊ ብለውሽ ነው። ኮሌጅ ደግሞ ለምኑን ይነግርሻል። አንድ ቦታ ላይ ሲደጋገም ሥጋው ያብጣል፤ መድኃኒቱም በወጉ አይሠርግም። እግሯ ቆስሎ ሳለ ለምን ቶሎ እንዳላመማትም ትማሪያለሽ። ስኳሩ ነርቩን ስለሚያደነዝዘው ነው። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ታለቅሻለሽ። ሶፍት ያዢ።

የሚያስቸግርሽ እንግሊዝኛው ነው። መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። እኔ የተገላገልኩበትን ዘዴ ልስጥሽ። የሕክምና ቃላት ረጃጅም ቢመስሉም ከጥቂት ቁርጥራጮች የተገጣጠሙ ናቸው። ጫፉ ላይ «አይተስ» ካለ አንድ ነገር ተቆጥቷል ማለት ነው። ጋስትራይተስ ጨጓራ ነው። ሄፓታይተስ ጉበት ነው። አፔንዲሳይተስ ትርፍ አንጀት ነው። ፊቱ ላይ «ሃይፐር» ካለ ከልክ በላይ፣ «ሃይፖ» ካለ ከልክ በታች። «ታኪ» ፈጣን፣ «ብራዲ» ዝግተኛ። ሃምሳ ያህል እንዲህ ያሉ ቁርጥራጮች በቃልሽ ከያዝሽ፣ የማታውቂውን ቃል ራሱ ትገምቺዋለሽ። ቁርስ ቤቱ ግድግዳ ላይ በየቀኑ ሁለት ሁለት ለጥፊ። ሾፌሮቹም ይማሩ።

ሒሳቡ ደግሞ የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ ግን መሳሳት አይፈቀድም። አንዱን እንካ ልበልሽ። 1000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ታዟል። የግሉኮሱ ገመድ 20 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር ነው። በደቂቃ ስንት ጠብታ ይውረድ? ዛሬ ማታ ከልጅሽ ጋር ሥሩት። 1000 በ20 ሲባዛ 20000 ጠብታ። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ። ሲካፈል 42 ገደማ። ከዚያ የእጅ ሰዓትሽን አውጥተሽ፣ ጠብታውን እያየሽ፣ የምትቆጣጠሪያትን መንኮራኩር በአውራ ጣትሽ እየገፋሽ ታስተካክያለሽ። የሰከንድ መቁጠሪያ ያለው ሰዓት ግዢ። ስልክ አይሆንም፤ እጅሽ ሥራ ላይ ነው።

ሌሊቱስ? አንቺ 11 ሰዓት ሌሊት ተነሥተሽ ለፉል ባቄላ የምትቀቅዪ ሴት ሳትሆኚ አትቀሪም። ሌሊት መንቃት አያስፈራሽም። ሌሊቱን ሙሉ አለመተኛት ግን ሌላ ነገር ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የምትመጣ አንዲት ሰዓት አለች። ዎርዱ ጸጥ ይላል። ዓይንሽ ይከዳሻል። ጽሑፉ ይደራረብብሻል። በዚያች ሰዓት ነው መድኃኒት የሚቀዳው። በ22 ዓመት ያቺን ሰዓት ቡና ያሻግራል። በ40 ግን ቀን መተኛት ብቻ ነው የሚያሻግርሽ። ቀን ደግሞ ቁርስ ቤት፣ ልጆች፣ ለቅሶ፣ እድር አለ። ሰው «ሌሊት ሥራ ነበርኩ፣ ተኝቻለሁ» ብትዪው በሩን ቀስ ብሎ ነው የሚያንኳኳ እንጂ አይመለስም።

ለዚህ ነው አንድ ዓመት ቆዪ የምልሽ። ሌላም ምክንያት አለ። ልጅሽ የሚመጣው ዓመት 12ኛ ክፍልን ትፈተናለች። አንድ ቤት በአንድ ዓመት ሁለት ፈተና መሸከም የለበትም። ባለቤትሽ «ልጅሽ ናት ወይስ አንቺ?» ሲልሽ ክፋት መስሎሽ ይሆናል። እኔ ግን ሒሳብ የጠየቀሽ ይመስለኛል። ጀልባው ገቢ ቀንሷል። ቁርስ ቤቱ ቢዘጋ ምን ይበላል? ይህን ፈርቶ ነው። ስለዚህ አትጣዪው። ወረቀት አውጪና አብራችሁ ጻፉ። የወር ክፍያ። ትራንስፖርት። ጋውን። ጫማ፤ ነጭና ጠፍጣፋ ይሁን፤ እርካሹን ግዢ ብለው ቢመክሩሽ አትስሚ፣ ወገብሽን ያምሻል። ምሳ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁርስ ቤቱ የሚያጣው ገቢ። ይህኛውን ሰው ሁሉ ይረሳዋል።

የማታ ክፍል ብትመዘገቢም ፕራክቲካሉ ቀን ነው። የሆስፒታል ሥራ ማታ ብቻ አይማሩትም። ፕራክቲካል በሚወጣበት ሳምንት ጧት ቁርስ ቤት መቆም አትችዪም። ስለዚህ ከአሁኑ አንድ ሰው አሠልጥኚ። እህትሽ ትሁን ወይ ተቀጣሪ፣ የቅመሙን ልክ ንገሪያት። ደንበኛ የሚሄደው ፉሉ ጣዕሙ ሲለወጥ ነው እንጂ አንቺ ስላልኖርሽ አይደለም። እቁብ ካለሽም ዕጣሽ የመጀመሪያው ክፍያ ወቅት ላይ እንዲወጣልሽ ሰብሳቢውን አነጋግሪ።

ባጃጁን ደግሞ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ከመሸ እንደልብ አይገኝም። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሐይቁ አጠገብ ነው። ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ግን በአዴት መንገድ ከመሃል ከተማ ወጣ ያለ ነው። ተረኛ ስትሆኚ ማን እንደሚያደርስሽ ከደንበኞችሽ አንዱን ከአሁኑ ያዢ። ፉል በዱቤ የበላ ሾፌር አይጠፋም።

ስለ መንገዱ ላጫውትሽ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በሙያ ኮሌጅ ደረጃ 4 ነርስነትን መማር ነው፤ 3 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሲጨርሱ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ይወስዳሉ፤ የጽሑፍም የተግባርም ነው። ካለፍሽ በኋላ የሙያ ፈቃድ ታወጫለሽ። ሁለተኛው 12ኛ ክፍልን በግል ተፈትኖ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ መግባት ነው። ዲግሪው መውጫ ፈተናም አለበት። ለአንቺ የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው። ዲግሪውን እየሠራሽ ማሻሻል ይቻላል። ብዙዎቻችን ያደረግነውም እንደዚያ ነው።

አንቺ የተፈተንሽው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አሁን የለም፤ ቀርቷል። የመግቢያ መስፈርቱም በየዓመቱ በማስታወቂያ ይወጣል፤ ይለዋወጣል። ስለዚህ ሰው ያለሽን አትስሚ። የባሕር ዳር ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሬጅስትራር ድረስ የ1997ቱን ወረቀትሽን ይዘሽ ሂጂና ራስሽ ጠይቂ። የግል ኮሌጅ ከሆነ የምታስቢው፣ እውቅና አለን ሲሉሽ «ለየትኛው ትምህርት? ለየትኛው ካምፓስ?» ብለሽ ጠይቂ። እውቅና ለኮሌጁ በጅምላ አይሰጥም። ለፋርማሲ ያለው ለነርስነት ላይኖረው ይችላል። አንዱ ከተማ ያለው ሌላው ጋ አይሠራም። ወረቀቱን አሳዩኝ በይ፤ ቀኑ ያለፈበት መሆን አለመሆኑን እይ። ፕራክቲካል የት እንደሚያወጡም ጠይቂ። «እናመቻቻለን» ካሉሽ ቦርሳሽን አንሺ። በቤትሽ ሆነሽ ነርስ ትሆኛለሽ የሚልሽንም እንደዚሁ። መርፌ በደብዳቤ አይወጋም።

አንድ ነገር ከመመዝገብሽም በፊት አድርጊ። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ጀምሪ። ሦስት ጊዜ ነው፤ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከ6 ወር በኋላ። ፕራክቲካል ስትወጪ ተጠናቆ ይጠብቅሽ። ተማሪ ሳለሁ አንዲት ጓደኛችን መርፌውን ልትከድን ስትል ጣቷን ወጋችው። ስድስት ወር እንቅልፍ አልነበራትም። ምርመራው ደኅና ሆኖ ወጣ፤ ግን ስድስት ወር ነው። የተጠቀምሽበትን መርፌ መልሰሽ አትክደኚ። ይህን ከአሁኑ ያዢልኝ።

ማን ይቀጥረኛል ላልሽው አላባብልሽም። የጤና ባለሙያ ተመርቆ የመንግሥት ቅጥር የሚጠብቅበት ዘመን ነው። ደመወዙም እንደምታስቢው አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች ስለ ኑሯቸው ያሰሙትን ሰምተሻል። ለገንዘብ ብለሽ ከሆነ ቁርስ ቤቱን አስፊው፤ ይሻልሻል። ከልቤ ነው። በሌላ በኩል የግል ክሊኒክ ሲቀጥር የሚፈልገው ዕድሜ ሳይሆን የማትቀር ሰው ነው። ልጆቿን ያሳደገች ሴት ወሊድ ፈቃድ አትወጣም፣ ነገ ወደ ውጭ እሄዳለሁ ብላ አትጠፋም። ይህን አሠሪዎች በጆሮዬ ሲሉት ሰምቻለሁ፤ ፍርደ ገምድልነት ነው፣ ግን ለአንቺ ይጠቅምሻል። ደግሞ ባሕር ዳር ውስጥ እንደ እናትሽ ያሉ፣ እግራቸውን በየቀኑ የሚያይላቸው የሚፈልጉ ስንት አዛውንቶች አሉ? ልጆቻቸው አዲስ አበባ ወይ ውጭ አገር ናቸው። ሰው የሚያምኑት እንደ አንቺ ያለውን ነው።

ስለዚህ ይህን ዓመት እንዲህ አሳልፊው። ከልጅሽ ጋር ማታ ማታ አንድ ሰዓት ባዮሎጂና ሒሳብ አጥኚ። የሷ የ9ኛና የ10ኛ መጻሕፍት እቤት አሉ፤ ገንዘብ አያስወጣሽም። እሷም የምታውቀውን ስታስረዳሽ ለራሷ ፈተና ይጠቅማታል። እሑድን ለሕሙማን። ክትባቱን ጀምሪ። የምታሠለጥኛትን ልጅ ፈልጊ። ከመንፈቅ በኋላ ልብሽ አሁንም እዚያው ከሆነ ጻፊልኝ።

ሬጅስትራሩን ግን አታዘግዪው። ሰኞ ቁርስ ቤቱን ከዘጋሽ በኋላ ብቅ በይ። ዋናውን ወረቀት አትስጪያቸው፤ ኮፒ አስነሺ። በፌስታል ጠቅልለሽ ያዢው። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚመጣው።